ሰባተኛው መስመር

በሳይንሱ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ከደረጃው በስተግራ፣ ከቀትር በኋላ ትምህርት የማይሰጥባት አንዲት ጠባብ ክፍል ነበረች። መስኮቶቿ አይዘጉም፤ በሯ ደግሞ በትከሻ ካልገፉት አይከፈትም። ጥቁር ሰሌዳዋ ከመሐሉ አግድም ስለተሰነጠቀ፣ ከስንጥቁ በላይ የሚጻፈውን «ፎቅ»፣ ከስንጥቁ በታች የሚጻፈውን «ምድር ቤት» እያሉ ይጠሩት ነበር። እንዲህ ያለችውን ክፍል ማን ይመኛታል? ሦስት ተማሪዎች ግን ተመኟት፤ ለሦስት ዓመትም የግላቸው አደረጓት።

አንደኛው ዛቢያ ይባላል። ረጅምና ቀጭን ነው፤ ነገር ሲያብሰለስል በአንድ እግሩ ተረከዝ ላይ ቀስ እያለ ይዞራል። ስለዚህ መሬት የምትሽከረከርበትን የሐሳብ መስመር ስም ሰጡት። ሁለተኛዋ ወይዘሪት ለምን ናት፤ «ሁለትና ሁለት አራት ነው» ቢሏት እንኳ የራሷን ስም የምትጠራ ልጅ ነበረች። ሦስተኛው ይህ ታሪክ የሚነገርለት ሰው ነው። እነሱ «ገባኝ» ይሉት ነበር። እኛ ግን እዚህ የቀቢው ልጅ እንበለው። ያን ጊዜ በዚህ ስም ቢጠሩት ኖሮ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በመረጠ ነበር።

የቅጽል ስሙ አመጣጥ እንዲህ ነው። ሦስቱ አንድ የማይሻር ሕግ ነበራቸው። ጠመኔውን የያዘው አንድ መስመር ብቻ ይጽፋል፤ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ከዚያ ዞር ብሎ ይጠብቃል። ሁለቱ ጓደኞቹ «ገባኝ» ካላሉ በቀር ሁለተኛ መስመር አይጻፍም፤ ሰማይ ቢደፋ አይጻፍም። ወይዘሪት ለምን አንዷን መስመር ግማሽ ሰዓት ታስጠብቃለች። የቀቢው ልጅ ግን ጠመኔው ከሰሌዳው ሳይነሳ ይመልሳል።

አንድ ቀን፣ ከዜሮ ነጥብ በኋላ ዘጠኝ ማለቂያ የሌለው ሆኖ ቢደረደር አንድ ይሆናል ወይስ አይሆንም በሚል ተያዙ።

«አንድ ነው» አለ ዛቢያ።

«አንድ ለመሆን ጥቂት የቀረው ነው» አለች ወይዘሪት ለምን።

«ጥቂቱ ስንት ነው? እስቲ ጥቂቱን ጻፊልኝ።»

ጠመኔውን ነጠቀችውና ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ እያለች እስከ ሰሌዳው ጫፍ ሄደች። «ግድግዳውንም ፍቀዱልኝ» አለች። «መጨረሻ ላይ አንዲት አንድ አለች፣ አትቸኩሉ።»

«መጨረሻ ከሌለው መጨረሻው ላይ ምን ትሠራለች?»

«ገባኝ» አለ የቀቢው ልጅ።

ሁለቱም ወደ እሱ ዞሩ። «የማን ነው የገባህ?» አለው ዛቢያ። «የሷ ነው የኔ?»

«የሁለታችሁም።»

ወይዘሪት ለምን ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ወንበር ላይ ተቀመጠች። «ኧረ ይሄ ልጅ ሳይነገረውም ይገባዋል! አንተ፣ ነገ ዛቢያ የሚያስበውን ዛሬ ንገረንና በጊዜ እንግባ።» ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙ ገባኝ ሆነ። እሱም አብሮ ሳቀ፤ ፊቱ ግን እስከ ጆሮው ቀላ።

እውነቱን ለመናገር ከሚጻፈው ግማሹ አይገባውም ነበር። ሰነፍ አልነበረም፤ እንዲያውም ደብተሩን ያየ ሰው በትጋቱ ይደነቅ ነበር። ነገር ግን ገና አንደኛ ዓመት ሳለ በትልቁ አዳራሽ እጁን አውጥቶ አንድ ጥያቄ ጠየቀ፤ ከኋላው ያለው ረድፍ በሙሉ ሳቀበት። አንዱም «ይሄን ከየት አመጡት?» አለ። በዚያ ቀን «አልገባኝም» የምትለዋን ቃል ሣጥን ውስጥ ከትቶ ቆለፈባት፤ ቁልፉንም ጣለው። ደግሞም በሦስተኛው መስመር ላይ «ገባኝ» ያለ ሰው፣ አምስተኛው ላይ ሲደርስ «ሦስተኛውን መልሱልኝ» ለማለት ፊት ከየት ያመጣል? ያለው አማራጭ አምስተኛውንም «ገባኝ» ማለት ነው። እንዲህ እያለ የማያውቀው ነገር ሲቆለል ከረመ።

በዚህ ላይ ሌላ እፍረት ነበረበት። አባቱ ቀለም ቀቢ ነበር። መሰላሉን በትከሻው፣ ባልዲውን በእጁ አንጠልጥሎ ከሕንፃ ሕንፃ የሚዞር፣ ቅንድቡ ላይ ሁልጊዜ አንድ ነጭ ጠብታ የማይጠፋ ሰው። በመጀመሪያው ዓመት ወይዘሪት ለምን «አባትህ ምን ይሠራሉ?» ብትለው «ሕንፃ ላይ ነው የሚሠራው» አላት። «መሐንዲስ ናቸው?» አለች። የቀቢው ልጅ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር አሰረ። ክሩ የታሰረ ነበር፤ ፈትቶ አሰረው። ቀና ሲል አባቱ መሐንዲስ ሆነው ቆዩት። አላለም፤ ግን አልካደም። ከዚያ ወዲያ በየዓመቱ መጨረሻ አባቱ ዕቃውን ሊሸከምለት ሲመጣ፣ ከግቢው በር ውጭ ካለው የአውቶቡስ ማቆሚያ እንዲጠብቀው ያደርግ ነበር። «እዚያ ጥላ አለ፣ አባዬ» ይለዋል። ጥላ አልነበረም።

የመጨረሻው ዓመት ላይ በትምህርት ክፍሉ ማስታወቂያ ሰሌዳ አንዲት ወረቀት ተለጠፈች። አንድ የረዳት መምህርነት ቦታ አለ፤ የሚፈልግ ተማሪ በመረጠው ርዕስ መምህራኑ ፊት ንግግር ያድርግ፤ ቀኑ ዓርብ ከሰዓት። ዛቢያ ወረቀቷን ሦስት ጊዜ አነበባት።

«ይቺ ያንተ ናት» አለችው ወይዘሪት ለምን። «እኔ ጠዋት ተነስቼ ሰው ማስተማር አልችልም፤ ከአልጋዬ ጋር ውል አለኝ።»

«ባላገኛትስ?»

«ሌላ ሥራ ትሠራለሃ።»

«እኔ ሌላ ነገር አላውቅም» አለ ዛቢያ። እየቀለደ አልነበረም። «ጠመኔ ከእጄ ከወጣ እጄን ምን አደርገዋለሁ?»

ርዕሱን ያመጣችው ወይዘሪት ለምን ናት። አምፖል የሚቀይረው ሠራተኛ መሰላሉን ኮሪደሩ ላይ አስደግፎ ሄዶ ነበር። ቆማ አየችውና፣ «ይሄ ነገር ቢንሸራተት እግሩ በምን ፍጥነት ይሄዳል?» አለች።

«ወለሉም ግድግዳውም ሳሙና ነው እንበል» አለ ዛቢያ፤ ሰበቃ የሚባል ነገር የለም ማለቱ ነው። ዓይኑ ከወዲሁ በርቷል።

«ሳሙና ከሆነማ እንዴት ይቆማል?»

«አንቺ ትይዥዋለሽ፤ ከዚያ ትለቂዋለሽ።»

«ጣቴ ላይ ቢወድቅስ?»

«የመሬት ስበትን ክሰሺ።»

አራት ቀን ሠሩበት። የመሰላሉን ርዝመት፣ ከወለሉ ጋር የሚሠራውን ማዕዘን፣ ክብደቱን፤ ሁሉን አስገቡ። ስድስት መስመር ደረሱ። በሦስተኛው ቀን ግን ወይዘሪት ለምን ጥርሷን ልትነቀል ሄደች፤ ክፍሏ ውስጥ ዛቢያና የቀቢው ልጅ ብቻቸውን ቀሩ። ዛቢያ በሰሌዳው ምድር ቤት ሰባተኛዋን መስመር ጻፈ፦ «የመሰላሉ ራስ ግድግዳውን እየታከከ እስከ ወለሉ ይወርዳል።» ቁጥሯን ከበበና ዞረ።

«ሰባት። ገባህ?»

ያን ጊዜ የቀቢው ልጅ ዓይን ፊት አንድ ግድግዳ ድቅን አለ።

ዩኒቨርሲቲ ሊገባ ጥቂት ወራት ሲቀሩት ከአባቱ ጋር አንድ ትልቅ ሳሎን ይቀቡ ነበር። ወለሉ ገና የተወለወለ፣ መስተዋት የመሰለ ነው። አባቱ ጨርሶ ወረደ፤ መሰላሉንም እንደተደገፈ ትተውት ብሩሽ ሊያጥቡ ወጡ። ሲመለሱ መሰላሉ ተንሸራቶ ወለሉ ላይ ተዘርሯል። ያልደረቀው ቀለም ላይ ሁለት ጭረቶች ጎን ለጎን ወርደዋል። አባቱ ወገቡን ይዞ ጭረቶቹን ተመለከተና፣ «እየው፣ እዚህ ድረስ ነው» አለ። እውነትም ጭረቶቹ ጥቂት ወርደው ቁርጥ ብለው ነበር፤ ከዚያ በታች ግድግዳው ንጹሕ ነው፣ ምንም አልነካውም። «መሰላል ሁልጊዜ እንዲህ ነው» አለ አባቱ። «አንዴ ልቡ ከሸፈተ ግድግዳውን ጥሎ ነው የሚሄደው። እስከ ታች አብሮት አይወርድም።» ጭረቱን በስቱኮ ደፍኖ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሶ፣ መልሶ የቀባው ልጁ ራሱ ነበር።

ስለዚህ ሰባተኛዋ መስመር ውሸት መሆኗን ያውቅ ነበር። በሦስት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ዛቢያ የማያውቀውን ነገር ያወቀው እሱ ነው። አፉንም ከፈተ። ግን ምን ብሎ ይናገር? «እንዴት አወቅህ?» ይለዋል ዛቢያ። «ከአባቴ ጋር ስቀባ» ሊለው ነው? መሐንዲሱስ የት ሄዱ? ደግሞ በቀመር ቋንቋ ለሚያወሩ ሰዎች የቀለም ባልዲና የጭረት ወሬ ይዞ መግባት፣ በሠርግ ቤት በሥራ ልብስ የመግባት ያህል ከበደው።

«ምነው ዝም አልክ?» አለ ዛቢያ። «ይቺን በደንብ እያት። እኔ ካለሷ አንድ እርምጃ መሄድ አልችልም፤ ሁሉም የቆመው በሷ ላይ ነው። ትክክል አይደለም የምትል ከሆነ አሁን በለኝ።»

«ገባኝ።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«ገባኝ አልኩህ እኮ! ስንት ጊዜ ልበልህ?» ብሎ ጮኸበት።

ዛቢያ ደንገጥ ብሎ አየው፤ ከዚያ ፈገግ አለና ስምንተኛዋን ጻፈ። በማግስቱ ወይዘሪት ለምን ጉንጯ አብጦ መጣች። ሰሌዳውን ከላይ እስከ ታች አየችና ሰባት ላይ ስትደርስ ጣቷን ቀሰረች። «እሷን ገባኝ አረጋግጧታል» አላት ዛቢያ። መናገር ስላመማት፣ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ሳትጠይቅ አለፈች።

ከሰባተኛዋ መስመር የወጣው ውጤት እጅግ ያምር ነበር። የመሰላሉ እግር ከዜሮ ተነስቶ ይፈጥናል፤ ከዚያ እየቀዘቀዘ ይሄድና ራሱ ወለል ሲነካ ቀጥ ብሎ ይቆማል። «ማንም ሳይነካው!» ይላል ዛቢያ በተረከዙ እየዞረ። «ሳሙና ላይ ሆኖ ራሱን በራሱ ያቆማል! አይገርማችሁም?» የቀቢው ልጅ ሐሙስ ቀን ሦስት ጊዜ ሊነግረው ተነሳ፤ ሦስት ጊዜ ተቀመጠ። «ምናልባት የኛ መሰላል ሌላ ዓይነት ይሆናል» እያለ ራሱን አታለለ።

ዓርብ ደረሰ። አዳራሹ ሞልቷል። ዛቢያ የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሶ፣ እያንዳንዷን መስመር እየቆጠረ እንደ ተረት አወረደው። ሲጨርስ ጭብጨባው ሞቅ አለ። ከፊት ረድፍ አንድ ሽማግሌ መምህር፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ፣ ቀስ ብለው እጃቸውን አነሱ።

«ልጄ፣ ደስ ብሎኝ ነው የሰማሁህ። አንዲት ነገር ብቻ። የመሰላሉ እግር መጨረሻ ላይ የሚቆመው ማን ይዞት ነው?»

«ማንም አልያዘውም፣ መምህር። ራሱ ነው።»

«ወለሉ አላልክም ሳሙና ነው? ሳሙና አይዝም። እንግዲህ የቀረው ግድግዳው ነው። ግድግዳው መሰላሉን ወደ ራሱ ጎተተው ማለት ነው። ግድግዳ ይገፋል እንጂ ይጎትታል? እጅ አለው?»

አዳራሹ ሳቀ። ክፋት ያለው ሳቅ አልነበረም፤ ግን ሳቅ ነበር። ዛቢያ ወደ ሰሌዳው ዞረ። ዓይኑ ከመጨረሻዋ መስመር ወደ ላይ ሲወጣ፣ ሲወጣ፣ ሰባት ላይ ሲቆም የቀቢው ልጅ አየው። የጀርባው ላብ በተተኮሰው ሸሚዝ ላይ ሲሰፋም አየ።

«ሰባተኛዋ መስመር ናት» አሉ ሽማግሌው በለሆሳስ። «መሰላሉ ከተነሳበት ከፍታ ሲሶውን ሲወርድ ግድግዳውን ይለቃል። ከዚያ በኋላ አብረው አይደሉም። ይህቺን መስመር ያየላችሁ ሰው የለም?»

ሲሶ። የቀቢው ልጅ ጭረቶቹ የቆሙበት ቦታ ትዝ አለው፤ ከላይ ወደ ታች ሲሶ ገደማ። መነሳት ነበረበት። ሁለተኛ ረድፍ ላይ፣ ከዛቢያ አምስት እርምጃ ርቆ ነው የተቀመጠው። ዛቢያ ዞሮ አየው፤ ለአንዲት ቅጽበት ብቻ። የቀቢው ልጅ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ማሰር ጀመረ።

«የለም፣ መምህር» የሚል ድምፅ ከላይ ሰማ። «ስህተቱ የኔ ነው። አልታየኝም።»

ቦታውን ሌላ ተማሪ አገኘው። ዛቢያ አልተቆጣም፤ «ሁላችንም ተሳስተናል» ብሎ ሁለቱንም ጨብጦ ሄደ። በትከሻ የሚገፋውን በር ግን ከዚያ ወዲያ የገፋው የለም።

ስድስት ዓመት አለፈ። የቀቢው ልጅ የሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ መምህር ሆነ፤ ደግ መምህር እንደነበረ ተማሪዎቹ ይናገራሉ። አንድ ቀን የተከራያትን ክፍል ሊያድስ ሲል አባቱ «ቀቢ ልትከራይ? እኔ ሞቻለሁ?» ብሎ ብሩሹን ይዞ መጣ። ጉልበቱ ደክሟል፤ መሰላሉን የያዘለት ልጁ ነው። አባቱ እየቀባ የጥንቱን ሳሎን አነሳ፤ ልጁም፣ እንዴት እንደሆነ ሳያውቀው፣ የመሰላሉን ታሪክ ነገረው። ዛቢያን፣ ሰሌዳውን፣ ሽማግሌውን።

አባቱ ብሩሹን አቁሞ ወደ ታች አየ። ደስ ብሎት ነበር። «አየህ! እኔ ያልኩት ነዋ! ታዲያ አስቀድመህ ነገርካቸው?»

«አልነገርኳቸውም፣ አባዬ።»

«ለምን? ረስተኸው?»

ልጁ መሰላሉን አጥብቆ ያዘ። አባቱ ከላይ አየው፤ ያ የአውቶቡስ ማቆሚያ፣ ያ የሌለ ጥላ፣ ሁሉም በአባቱ ፊት ላይ አንድ በአንድ አለፈ። ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰ።

«እኔ ብናገር ቀቢ ምን ያውቃል ይሉኝ ነበር» አለ ብሩሹን እየነከረ። «አንተ ግን ተማሪ ነህ፣ ልጄ። አንተን ይሰሙህ ነበር።» ማዕዘኗን በጥንቃቄ ቀብቶ ጨረሰ።

በማግስቱ የቀቢው ልጅ ዛቢያን ፍለጋ ወጣ። ያገኘው የውሃ ቆጣሪ በሚጠገንበት ግቢ፣ አንድ ክፍል ውስጥ ነው። ሰማያዊ የሥራ ልብስ ለብሶ፣ የተፈቱ ቆጣሪዎች ተደርድረው በሞሉት ረጅም ጠረጴዛ ፊት ቆሟል። አንዱን ወደ ጆሮው አስጠግቶ የውስጥ ጥርሶቹ ሲዞሩ ያዳምጣል። የተጠገነውን በጠመኔ ምልክት ያደርግበታል።

«ገባኝ!» አለ ሲያየው፣ በደስታ። «አንተ ሰውዬ፣ አለህ?»

የቀቢው ልጅ ቁጭ እንኳ ሳይል ነገረው። ሰባተኛዋን መስመር ሲያይ ውሸት መሆኗን ያውቅ እንደነበር፤ አፍሮ እንደዋሸ፤ አዳራሹ ውስጥ አይቶት ክሩን እንዳሰረ። ዛቢያ ቆጣሪውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። የተናገረው የመጀመሪያ ነገር ያልተጠበቀ ነበር።

«ጭረቱ ምን ያህል ነበር?»

«ሲሶ ገደማ።»

«አይተኸዋል? በዓይንህ?»

«በእጄ ነው መልሼ የቀባሁት። አባቴ ቀለም ቀቢ ነው። መሐንዲስ አይደለም።»

ዛቢያ በተረከዙ ቀስ ብሎ ዞረና መስኮቱ ጋ ቆመ። ጀርባውን ሰጥቶ ነው የተናገረው። «ቦታዋ አይደለችም የቆጨችኝ፣ ታውቃለህ? እኔ ስድስት ዓመት ሙሉ፣ አንድ ሕፃን የሚያየው ነገር ያልታየኝ ለዚህ ነገር ስላልተፈጠርኩ ነው ብዬ ነው የተውኩት። ሰው ሁለት ጊዜ አይቶ ካረጋገጠልኝ በኋላ እንኳ አልታየኝም ብዬ። መጽሐፎቼን ሰጠሁ።»

የቀቢው ልጅ «ይቅርታ» ሊል ነበር፤ ቃሏ ግን ከነገሩ አንጻር እጅግ ትንሽ ሆና አፈረባት። ጫማውን አየ። ክር የሌለው ጫማ ነበር ያደረገው።

በመጨረሻ ዛቢያ ዞረ። አልሳቀም፤ ፊቱንም አልፈታም።

«ለምንድን ነው ሲሶ የሆነው?» አለ። «ለምን ግማሽ አልሆነም?»

«ማስረጃውን በየዓመቱ ለተማሪዎቼ እጽፈዋለሁ።»

«ትጽፈዋለህ ወይ አላልኩም።»

የቀቢው ልጅ ጆሮው እስኪግል ድረስ ፊቱ ቀላ፤ ልክ እንደ ድሮው።

«አልገባኝም» አለ። ድምፁ እንደ እንግዳ ሰው ድምፅ ሆነበት። «መቼም ገብቶኝ አያውቅም።»

ዛቢያ ትኩር ብሎ አየው። ከዚያ ከቆጣሪዎቹ አጠገብ ያለችውን ቁራጭ ጠመኔ አነሳና ወደ ዕቃ ግምጃ ቤቱ የብረት በር ሄደ። ግድግዳ የተደገፈ መሰላል ሳለበት። «አንድ» አለ፤ ከሥሩም አንዲት መስመር ጻፈ፤ ቁጥሯን ከበበ። ዞሮም ጠበቀ።

የቀቢው ልጅ መስመሯን አነበበ። መልሶ አነበባት። ውጭ፣ ሰዓቱ ደርሶ ሠራተኞች ሲወጡ ይሰማል። እሱ ግን ገና አንደኛዋ ላይ ነበር፤ አልቸኮለምም።